የሌሊት ግብር

በሞሪሸስ ደሴት፣ በደቡብ ዳርቻ፣
ሸንኮራው ሲያበቃ ባሕሩ ነው ብቻ፤
እዚያ ነው አጥራችን፣
የኔና የሙሴ አርሴን ግቢ የሚዋሰነው፣
እኔ ልብስ ሳሰጣ፣ እሱ ፍሬ ሲቆጥር ቀኑ የሚመሸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በስኳር ፋብሪካ
ሚዛን ላይ ቆሞ ነው ያረጀው ሲለካ፤
ጡረታ ቢወጣም፣ ጣቱ አልወጣምና
ዛሬም ይቆጥራል ቅርንጫፍ እያቃና፦
«ሃያ አምስት አንድ እስር፣ አራት እስር መቶ፣»
ይላል ከሊቺው ሥር በርጩማ ጎትቶ።

ሊቺ ማለት እንግዲህ፣
ቅርፊቱ ቀይ፣ ሻካራ፣ እንደ ድመት ምላስ፣
ውስጡ ነጭ ውሃማ፣ አፍ ሲገባ የሚፈርስ፤
በኅዳር ይቀላል፣
ለገና ይሸጣል፣
ከዚያ በፊት ግን ሌሊት የሚባል ነገር አለ።

ጀምበር ባሕር ስትገባ፣ ከተራራው በላይ፣
እርጥብ አንሶላዬን የሚያራግፍ መሳይ
ድምፅ ይመጣል፤ ጧ… ጧ…
ቀና ስል እነሱ፣ ደረሰ ሰዓታቸው፣
ፊታቸው ቀበሮ፣ ቆዳ ክንፎቻቸው።
እነዚህ አይደሉ፣ ድሮ በተረቱ፣
ወፍ ግብር ሲጠይቅ «አይጥ ነን» የሚሉቱ፣
አይጥ ሲመጣ ደግሞ ክንፍ የሚዘረጉ፣
ለማንም ሳይከፍሉ በሁለት ቤት ያደጉ?
ዛሬ ግን ራሳቸው ሆነው ግብር ሰብሳቢ፣
ደረሰኝ አይሰጡ፣ የላቸው መዝጋቢ።

አንዷን ነክሰው ይጥላሉ፣
ሌላዋን ጨምቀው ቃጫዋን ይተፋሉ፤
ጠዋት ሙሴ አርሴን ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣
ባዶ ቅርፊት ይቆጥራል፦
«አንድ መቶ ስልሳ… ወንበዴ!»
ይልና ወደኔ ዞሮ፣ «አይደለም እንዴ?»
እኔ ምን እላለሁ፣
ልብሴን አሰጣለሁ።
(በኔ በኩል ካጥሩ የሚያንጠባጥቡትን
እንደምበላ ነግሬው አላውቅም እስካሁን።)

ቆርቆሮ ደበደበ። ራዲዮ ሰቀለ።
የሟች ሚስቱን ቀሚስ አቆመ በእንጨት፣
ደግሞ አወረደው፣ «ነፋስ እንዳይመታት»።
በመጨረሻ፣ መረብ።
የጡረታው ግማሽ ወጣበት፤ ዛፉን ገነዘው በጥልፍልፍ ክር፣
«አሁን ይምጡ!» አለ፤ ተኛ የዚያን ማታ ሳይቆጥር።

ሌሊት ስምንት ሰዓት አንድ ጩኸት ሰማሁ፣
ሕፃን ያለበት ቤት በሰፈሩ የለም፤ በባዶ እግሬ ወጣሁ።
እሱ ቀድሞኛል፤ መሰላል ላይ ቆሟል፣
ባንድ እጁ ፋኖስ፣ ባንድ እጁ የሸንኮራ ገጀራ ይዟል።
መረቡ ውስጥ አንዷ፣ ክንፏ ተጠላልፎ፣
ደረቷ ላይ ግልገል፣ ከጡቷ ተለጥፎ፣
ዓይኗን ተከለችበት።
ፋኖሱ ዓይኗ ውስጥ ሁለት ፍሬ ሆነ፣ ቀይ።
ሳይቆጥራቸው አልቀረም። ቆየ፤ ቆየ ከመሰላሉ ላይ።

ከዚያ ገጀራው ወረደ፤
መረቡ ተቀደደ።
ስድብ ነበር ባፉ፦ «የሰው ጡረታ የበላሽ!
ሂጂ፣ ሂጂልኝ ከነልጅሽ!»
እሷም አላመሰገነች፤
ጓንቱን ነክሳ ሄደች።

በሳምንቱ እህቱ መጣች፣ ማዳም ኖኤላ፣ ከከተማ፣
የመረቡን ጉድ ልትሰማ።
«አያታችን የተከለው ዛፍ ላይ…» ብሎ ሲጀምር፣
«የቱ?» አለችው፤ «አያታችን የተከለውማ ጉድጓዱ አጠገብ ነበር፣
በአውሎ ነፋሱ ዓመት ተገነደሰ፤ አንተ ገና ታዝለህ በእናታችን ጀርባ።
ይሄኛው ወፍ ዘራሽ ነው፤ ማን እንዳስገባው ሳናውቅ ካጥሩ ሥር የገባ።»
«የምን ወፍ?» አለ።
«እኔ እንጃ፤
ይህን የሚያህል ዘር የቀን ወፍ አይሸከም።»
ሙሴ አርሴን ዝም።

መረቡን መልሶ አልሰፋም፤ «ጉልበቴ» ነው ያለው፣
እጁ የሚደርስበትን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ በከረጢት አሰረው፤
«የላዩ» አለኝ፣ «ሚዛኑ ላይ የለም፣
አልቆጥርም።»

ማታ እነሱ መጡ፣ ጧ ጧ እያሉ፣
አንዲት ያልተነከሰች በኔ በኩል ጣሉ።
ጨለማ ውስጥ ልጬ በላሁ፣
ዘሯን፣ ቡናማ፣ ለስላሳ፣
ካጥሩ ሥር ተፋሁ።