የጫማ ካርቶን

ቤር ሼባ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ በሌሊቱ ፈረቃ፣
ቦርሳ እፈትሻለሁ፤ እንጀራዬ ነው ጥበቃ።
ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ፣ ኮሪደሩ ሲጨልም፣
ፕሮፌሰር ሬይና ሳልቲኤል ትመጣለች፣ ዝግም፣ ዝግም፣
የጫማ ካርቶን ታቅፋ፣ በላስቲክ የታሰረ።
የመጀመሪያው ቀን «ይከፈት» ብዬ ክዳኑን ባነሣው፣ ጫማ አልነበረ፤
ካርድ ነው፣ በካርድ ላይ ካርድ፣ በእርሳስ የተጫረ፣
በያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል፣ አንድ ስም፣ አንድ ከተማ፣
ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ ማን ከማን እንደሰማ።

«እስፓንኛ ነው» አለችኝ፤ «የተባረሩት ሰዎች እስፓንኛ፣
አምስት መቶ ዓመት በሰው አገር የከረመ መንገደኛ።»
ሌላው ስለ ቁልፍ ይተርካል፣ ከቶሌዶ ስለወጣ ቁልፍ፤
«እኔ የምፈልገው» ትላለች፣ ቆማ ከበሩ ደጃፍ፣
«ያ በር ሲከፈት ሲጢጥ የሚለውን ድምፅ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ነው።»
አርባ ዓመት የለፋችበት ነገር ይኸው ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ባት ያም ትወርዳለች በአውቶቡስ፣
አሮጊቶች ቤት፣ ደበርጃን ሲላጥ፣ ልብስ ሲተኮስ፣
«ደግመሽ በይው» ትላለች፣ «ስድብም ቢሆን አልከፋም፤
ሰው አገሩን ቢረሳ እርግማኑን አይረሳም።»

አንድ ሌሊት ካርድ መዝዛ አሳየችኝ፤ «ዴሻር»፣ መተው።
«ማድሪድ ዛሬ ዴኻር ይላል፤ ሸን በኸ ለወጠው።
የተባረሩት ግን ሸን አልተዉም።»
ሳቅሁ። ሸና ኸ በኛም ፊደል ገበታ ላይ አሉ፣
ተራርቀው ይኖራሉ እንጂ አይጣሉ።
እሷ በዚያች በአንዲት ሆሄ መርከቡ የተነሣበትን ዘመን ቆጠረች፤
በመጽሐፏም ግርጌ እያንዳንዷን አሮጊት ከነአባቷ ስም ጠራች።

ደግሞ ጠየቀችኝ፦ «አባትህስ በምን ይጸልዩ ነበር?»
«በቋርኛ» አልኩ፤ «አማርኛ ለገበያ፣ ቋርኛ ለእግዜር።»
«ስንት ቃል ቀረህ?» «ሰባት» አልኩ፤ ቆጠርኩ፤ ስድስት ሆነ።
አልሳቀችም፤ እርሳሷን ቀረጸች፤ ፍቅፋቂው ጠረጴዛዬ ላይ ተበተነ።

ጡረታ የወጣች ለት ቢሮዋን ለሌላ ሰጡት፣
ካርቶኑን ሁሉ በጋሪ ወደ ምድር ቤት አወረዱት።
አንዱን ለኔ ተወችልኝ፤ ባዶ፤ ቁጥር አርባ ሁለት፣
«የኔ ትምህርት አይደለም፤ ካርቶኑ ግን ሰፊ ነው» ብላ ጽፋበት።

ስድስት ካርድ ነበረው እስከ ትናንት።
ትናንት፣ ሊነጋጋ ሲል፣
የበሩ ማጠፊያ ዘይት አጥቶ ሲጢጥ ሲል፣
ሰባተኛው መጣ፣ በአባቴ ድምፅ፣ ሳልጠራው።
ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ካርድ ላይ ነው ያለው፤
ከሥሩም፦ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው።