የቁጥር ሰባት ሰላምታ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ዝናብ ከጅሬን ይወርዳል፣
ቆርቆሮው ላይ ያንጎራጉራል፣ ጄኔሬተሩ ይመልሳል።
እኔ ከሰርቨሩ ፊት፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣
ሹራቤን እስከ አገጬ ስቤ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ጥዬ፣
አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።

መብራቱን አላምነውም።
አረንጓዴ መሆን ቀላል ነው፤ ኬብል ከተሰካ ይበራል፤
ጥርስ ባዳ ነው ይሉ የለ? ሆድ እያረረ ይስቃል።
የኔ ጉዳይ ከብርሃኑ ጀርባ ነው፦
ስዊቹ ኮንትሮለሩን ይሰማል? ኮንትሮለሩስ ያውቀዋል?
ወይስ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት
በአንድ ጣሪያ ሥር ጀርባ ተሰጣጥተዋል?

በየአስር ሰከንዱ «አለህ?» ይባባላሉ።
«አለሁ» ሦስት ጊዜ ከቀረ፣ ሞቷል ብለው ያውጃሉ፤
ሳይገነዝ፣ ዕድር ሳይጠራ።

«አንድ?» አለሁ።
«ሁለት?» አለሁ።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ተራቸውን ጠብቀው መለሱ፣
ስም እንደሚጠራባቸው ተማሪዎች እየተንጠራሩ እየተነሱ።
«ሰባት?»
ዝናቡ።
«ሰባት?»
ጄኔሬተሩ።
መብራቱ ግን አረንጓዴ፤ ፍንትው ብሎ ይስቃል ጥርሱ።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ሲስተር ትርፌ ናት፣ ከአዲሱ የወሊድ ክፍል፦
«ስክሪናችን ባዶ ነው። የሌሎቹ ሁሉ ይሠራል፤ የእኛ ምን በደለ?»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከተከፈትን። ከሐሙስ።»
ዛሬ ቅዳሜ ነው።

እንግዲህ ሰባት አልሞተም። ይሠራል፣ ያውም ሳይታክት፤
ከላብራቶሪ እስከ ካርድ ክፍል ያመላልሳል መልእክት፤
ጌታዋ መቅረቱን ማንም እንዳልነገራት በቅሎ
ሂርማታ ገበያ ድረስ ብቻዋን ይነጉዳል፣
እግሩ መንገዱን ሸምድዶ፣ ልጓሙ ተንጠልጥሎ።
የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።
ጭልጥ ብሎ ቢጠፋ ኖሮ በዕለቱ እንሰማ ነበር፤
በትዝታ የሚሄደውን ግን ማን ይጠረጥር?
ሐሙስ የተከፈተ በር በረቡዕ ትዝታ ውስጥ የለም።

ኬብሉን ነካሁ፤ ደህና ነው። አድራሻውን አየሁ፤ ደህና ነው።
መዝገቡን ከፈትኩ። አንድ መስመር፣ ደጋግሞ፣ መቶ ጊዜ፦
«የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም።»
ገና?
ሰባትን ቀኑን ጠየቅኩት። ሳያፍር ነገረኝ፤
ከኮንትሮለሩ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ።

ሳቄ መጣ። ሳቄን ተከትሎ ተማም ትዝ አለኝ።
ረቡዕ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
የሰዓት ባትሪው ደክሞ፣ ሰባት ቀኑን ረስቶ ነቃ፤
ተማምን ጠየቀው። ተማምም ቀና ብሎ
ቀለም ሻጩ የሰጠንን የግድግዳ ካላንደር አየ፣
የእጅ ሰዓቱን አየ፣
ነገረው፤ ያገሩን ቀን፣ ያገሩን ሰዓት።
ምን ይፈረድበታል? ሲጠይቁት እውነቱን ተናገረ።
ሰባትም አመነው። ከዚያ ወዲህ
ኮንትሮለሩ ወረቀቱን በዘረጋ ቁጥር
«ይህ ማኅተም ገና አልተቀረጸም» እያለ በሩን ይዘጋል፤
ሰዓት አስተካካዩም ልዩነቱ ቢበዛበት
እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

አረምኩት። ጠበቅኩ።
አስር ሰከንድ። «አለህ?»
ሃያ። «አለህ?»
«አለሁ።»

እሱን አምኜ አልተነሳሁም።
ወደ ሦስቱ ኮንትሮለሮች ዞሬ «ሰባትን ታውቁታላችሁ?» አልኩ፣
በየተራ፣ በየስማቸው፤ በርጩማ በሁለት እግር አይቆምምና።
አወቅነው አሉ። የወሊድ ክፍሉም መንገድ ሰባት ካርታ ላይ ገባ።
ሲስተር ትርፌ ደወለች፤ በቅጡም አላናገረችኝ፣
የሕፃን ልቅሶ ከጀርባዋ፣
«መጣ፣ መጣ!» ብላ ዘጋችው፤
ስክሪኑን ይሁን ልጁን፣ አልለየሁም።

ሲነጋ ተማም ዣንጥላውን እያራገፈ ገባ፤
የፈረቃ መዝገቡን ገልጦ፣ እስክሪብቶ አንስቶ፣
«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለኝ።
«ለማን?» አልኩት።