ከፎቶው ጀርባ የተጻፈ

እንጀራዬ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው፤
በየደረጃው ሥር፣ ከየብረት ሳጥኑ፣ ቁጥር የምለቅመው።
ከሰኞ እስከ ዓርብ አሃዝ ስመዘግብ ሰንብቼ
ቅዳሜ ሲነጋጋ እወጣለሁ፣ ካሜራ አንግቼ፤
ከኮዬ ፈጬ ብሎኮች ማዶ፣ አስፋልቱ ከሚያልቅበት፣
ውሃ ካቆረው ሜዳ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት።

ነሐሴ ነው። ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን ሁለት ኪሎ አድርጎታል።
ሌንሱ አሮጌ ነው፤ ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ የገዛሁት፤
ቀለበቱ ሲዞር እንደ ዛገ ማጠፊያ ይጮኻል።
ስንቷን ሙሽራ ያየ ዓይን
ዛሬ ዘጠኝ ግራም የማትሞላ ነፍስ ያሳድዳል።

ዘጠኝ ግራም! ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር።
ጀርባዋ የደረቀ ሣር፣ ክንፏ የደረቀ ሣር፤
እግዜር ቀለም ሲያድል ረፍዶባት የደረሰች፣
የቀረውን ጭላጭ ተቀብላ የተመለሰች።
ስሟን ብጠይቅ የብሎክ ሰባት ልጆች «ድንቢጥ!» አሉኝ፤
ባለሱቋ «ወፍ ናት፤ ወፍ!» ብላ ሳቀችብኝ፤
መጽሐፉ የሰጣት የላቲን ስም ደግሞ
እንደ ተውሶ ጥርስ አፌ ውስጥ አልገጥም አለኝ።

ወንዱ ሽቅብ ይተኮሳል፤
ደመናው ሥር ወዲህ ወዲያ እየተወረወረ
«ጥት... ጥት... ጥት...»
እንደተበላሸ ቆጣሪ፣ ማን እንደሚከፍል ሳያውቅ እየቆጠረ፤
ከዚያ እንደ ጠጠር ወርዶ ሣሩ ውስጥ ይጠፋል።
ሦስት ቅዳሜ ያነሳሁት ባዶ ሰማይ ነው።

በአራተኛው ግን እሷ መጣች።
ሰንበሌጥ ጫፍ ላይ፣ ፊት ለፊቴ፣
ላባዋን ነፍታ፣ አፏን ከፍታ፣
ምላሷ ሳይቀር ጥርት ብሎ።
አሳትሜ ቢሮ ለጠፍኩት።
«ስትዘምር!» አለች ገንዘብ ያዧ ትርሲት፤
ያየው ሁሉ «ስትዘምር» አለ። እኔም አልኩ።

ጋሽ ደገፋ የግንባታውን አጥር ይጠብቃል፤
ብሎኩ ሳይመጣ ሜዳው የሱ ነበር፤ ጤፍና ሽምብራ።
በሳምንቱ ፎቶውን ካሜራው ላይ አሳየሁት።
የዝናቡን ጠብታ በአውራ ጣቱ ጠርጎ ቆየ።
«ይሄማ ዘፈን አይደለም» አለ።
«ዘፈኑ ሰማይ ላይ ነው፤ ያውም የወንዱ።
እንዲህ ሣር ጫፍ ላይ ተነፍታ አፏን ወዳንቺ ስትመልስ
እየሰደበችሽ ነው። የት ቆመሽ ነበር?»
አሳየሁት።
«በይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።»

ሣሩን በዱላው ጫፍ ገለጠ።
ከነሥሩ የቆመ፣ አረንጓዴ ሣር፣
ቅጠል ከቅጠል ጎንበስ ብሎ፣ በሸረሪት ድር ተሰፍቶ፣
ከብርቱካን የማይበልጥ ቤት፤ በሩ በጎን።
ውስጡ ሦስት አፍ።
ከበሩ አንድ ስንዝር ላይ
ያለፈው ሳምንት የጫማዬ ቅርጽ፣ ውሃ ሞልቶ።

«ልጅ ሆኜ እንቁላሏን ጠብሼ በልቻለሁ» አለ እየሳቀ፤
«ጠብታ ነው፣ አያጠግብም።
ስናርስ በሬው ሲደርስ ትነሳለች፤ ሌላ ቦታ ትሰፋለች፤
ማን ልብ ይላታል?
ያየኋት አሁን ነው፤ ሥራ ስፈታ።»

ያን ቀን እስከ ቀትር፣ እሑድም፣
ርቄ ተቀመጥኩ። ሌንሱን ከደንኩት። የማውቀውን ሥራ ሠራሁ፦
አሥራ ሁለት ከአሥር፣ ፌንጣ።
አሥራ ሁለት ከአሥራ አራት፣ አባጨጓሬ።
አሥራ ሁለት ከሃያ፣ አላየሁም፤ ዝናብ።
አሥራ ሁለት ከሃያ ሦስት፣ ሸረሪት፤ ያቺው ድር ያበደረቻት ትሆን?
ወንዱ ሲመግብ አንድም ጊዜ አልመዘገብኩም፤
ሰማይ ላይ ሥራ አለው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቤቱ ባዶ ነበር።
ላባ የለም፣ ደም የለም፤
በኔ ሙያ ይህ ጥሩ ንባብ ነው፤
ግን እርግጡን አላውቅም። ጋሽ ደገፋም አያውቅም።

ፎቶው አሁንም ቢሮ ተለጥፏል።
የገባ ሁሉ «ስትዘምር» ይላል፤ አላርምም።
አንድ ምሽት ብቻ፣ ሰው ሲወጣ፣ ከግድግዳው ነቅዬ
ጀርባው ላይ በቆጣሪ እስክሪብቶዬ ጻፍኩ፦
«ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ኮዬ።
ሂጂልኝ ስትል።»
ከሥሩም፣ ትንሽ ቆይቼ፦
«ሄድኩላት።»