ስንት አደገ?

ሙሐረቅ ነው ቤቱ፤ ሳሎኑ መካከል
አንድ ሣጥን ባሕር አለ፣ የአልጋ ያህል።
ያቆመው ራሺድ ነው። ሲሄድ ለትምህርት
ጨውና ሚዛኑን ጣለብኝ በአደራ፣ ስልክ ቁጥሩን ጨምሮበት።
«መዲና፣ ድንጋይ እንዳይመስልሽ፤ ነፍስ አለው፣ ይበላል፤
ውሃው ካልጣመው ግን ዝም ብሎ ይነጣል።»
እኔ ምን አውቅና! የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤
ባሕርን ከአውሮፕላን አንዴ ብቻ ያየኋት፣ አንዴ ብቻ ያየችኝ።

ቀስ በቀስ ለመድኩት።
የቧንቧ ውሃ አይሆነውም፤ የተጣራውን ቀዳሁለት።
ጨዉ በሚዛን ነው፤ ሙቀቱ ሃያ አምስት፤ ካልሲየሙ ማታ፣
እንደ ጨቅላ መድኃኒት፣ ጠብታ በጠብታ።
ከካላንደሩ ጀርባ በአማርኛ እጽፋለሁ፦
«ማክሰኞ። ሐምራዊው አፉን ከፈተ። አየሁ።»

አቡ ጃሲም ዓይኑ ከጠፋ ሰንብቷል። ያኔ፣ በልጅነቱ ዘመን፣
ዕንቁ ለቃሚ ነበር፣ አፍንጫውን ቆልፎ የሚወርድ ጥልቁን።
መሸት ሲል ይጠራኛል፦
«ስንት አደገ?» ይላል።
«የጥፍር ያህል።» «የማን ጥፍር?»
እጁን ይዘረጋል፤ ትንሿን ጣቴን ይዞ ይለካል በዝርዝር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ መብራቱ ድርግም አለ።
ፓምፑ ዝም፣ ማቀዝቀዣው ዝም፤ ግድግዳው እንደ ምጣድ ጋለ።
ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። ባትሪ አብርቼ አያለሁ፤
በረዶ የሆነ ጠርሙስ ከፍሪጅ አውጥቼ እነክራለሁ።
ከዚያ ጭልፋ አነሣሁ፤ እየቀዳሁ ከፍ፣ እየመለስኩ ዝቅ፤
የቆመ ውሃ ያፍነዋል፣ ይህችን ብቻ ነው የማውቅ።
ክንዴ ሲዝል ሽማግሌው በዳበሳ መጣ፤
ምንም ሳይናገር ከእጄ ጭልፋዋን አወጣ።
በዐረብኛ ይቆጥራል፣ ስንት ትንፋሽ እንደቀረው፤
ገመድ ሳቢዋ እኔ፣ ጠላቂው እሱ፣ ባሕሩ ሳሎን ውስጥ ነው።

ሲነጋ መብራት መጣ።
አንዲት ቅርንጫፍ ግን፣ በእኔ ይሁን በእሱ እጅ አልታወቀም፣ ጭልፋዋ ገንጥላት፣
አሸዋው ላይ ተጋድማለች፤ የልጅ ጥርስ ነው የምትመስል፣ የወለቀ በድንገት።
ደወልኩ። ራሺድ ሳቀ። «አትጣያት! ሙጫ ቀብተሽ ድንጋይ ላይ ለጥፊያት፤
እኛ ሆን ብለን በመቀስ እንቆርጣቸው የለ? የሚበዙት በስብራት።»
ስለ ሰው የሚባል አንድ ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤
ዋጥኩት። ሙጫው ቶሎ ይደርቃል፤ ጊዜ የለም ለንግግር።

በሦስተኛው ሳምንት ስስ ሥጋዋ ሙጫውን አለበሰው፤
ጫፏ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህለው።
«ስንት አደገ?»
«የትኛው? ትልቁ ነው ወይስ አዲሷ?»
«አዲሷ።» ድዱን አሳይቶ ይስቃል፤ ጣቴን በዳበሳ ይፈልጋል።
ዛሬ ደግሞ ጥፍሬን ተቆርጫለሁ፤
መለኪያው ይጠፋበታል።