ያገለገለች ሞተር

«ከቢቸና ከተማ ወጥታ አታውቅም» ብሎ፣
ሞተሯን ሸጠልኝ አንማው፣ በአባቱ አጥንት ምሎ።
ማታ በባትሪ ፊልትሮዋን ስፈታው፣
የጮቄ ቀይ አፈር! መች ይጠፋኛል ቦታው።

ዘይቷን አፈሰስኩት፤ ጥቁር፣ እንደ አተላ፤
በቤንዚን ፈተግኩት የከሰለ ካንዴላ።
የነዳጅ ቱቦዋን ካላማዳሪ ቆርጬ ጠፈርኩት።
ካቴናዋ ላልቶ፣ ሳጠብቅ ስቀባ፣
እኔው ታሰርኩበት ፀሐይ ቤት እስክትገባ።

ግራ እጀታዋ ግን እስከ ብረቱ ተፍቋል፤
ሳቅሁበት፦ «አንማው፣ ለካ በግራ ይወድቃል!»

እሑድ ሽቅብ ወጣን የበቅሎውን መንገድ፤
ጅብራው መሀል፣ ጭቃ፤ ጎማዋ ሲንገዳገድ፣
ወደቅሁ።
በግራ።
ልክ እንደ እሱ።

አጠገቤ ተጋድማ፣ ሳትጠፋ፣ ትንተከተካለች፤
መንገዱንስ ታውቃለች፤
እኔ ነኝ አዲሱ።