ማሰሪያ አንቀጽ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት፣
ቀለም ቀለም በሚሸተው፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት፣
ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣
ጭምብሌ በሚተፋው ትንፋሽ መነጽሬን ጉም አልብሼ፣
ደንቡን አነብ ነበር፣ ፊደል በፊደል ዳስሼ።

ላይ፣ አስፋልቱ ጭር ብሏል።
«ፒያሳ! አንድ ሰው! ፒያሳ!» የሚለው ረዳት ድምፁ ጠፍቷል።
ከሐውልቱ ዙሪያ ውሻ ብቻ
ሰው ወዴት ገባ እንደሚል ያላዝናል።

«ማንኛውም ሰው» ይላል አንቀጹ።
ሠላሳ ዓመት በዚህ እጄ
«ማንኛውም ሰው»ን አሳልፌዋለሁ፣ ፊት የለውም ብዬ።
ያን ሌሊት ግን መልክ አወጣ፤
የእድራችንን ጸሐፊ ጋሽ ድንበሩን ሆኖ መጣ፣
ቀበና ማዶ፣ ደረታቸው እንደ ቀዳዳ ወናፍ እያፏጨ።
ትርሲትን ሆኖ መጣ፣ የጎረቤቴን ተከራይ፣ ነርሷን፣
ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሰው እንዳያያት፣
የአጥሩን ጥግ ይዛ የምትገባውን።
«ከሆስፒታል ይዘሽብን ትመጫለሽ፤ እስከ እሑድ ልቀቂ»
ብለዋታል እትዬ በለጥሻቸው።

እና ከዚያች መስመር ደረስኩ፦
«አከራይ ተከራዩን ከቤት እንዲያስወጣ ታዟል።»

አነበብኩት። ደገምኩት።
እንዲያስወጣ?
ታይፒስቷ ደክሟት ይሆናል፣ ጨቅላ ታቅፋ ያደረች፤
ከ«ዳ» እግር ሥር፣ ጣቷ ስቶ፣
የጉንዳን ጢም የምታህል ጭረት ጨመረች።
ጭረት ናት፤ ሌላ ምንም አይደለችም።
ጭረቷ ካለች ግን ትርሲት ቤት የላትም፤
ጭረቷ ከሌለች ማንም አያስወጣትም።
ቀይ እስክሪብቶዬን አወረድኩ።
እጄ ሲንቀጠቀጥ ያን ቀን አየሁት፤
ፊደል ሳይሆን የበር ማጠፊያ የማቃና መሰለኝ።

ሲነጋ ማሽኑ ጮኸ።
ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት ቅጂ አስቀረሁ፣ ለትርሲት።
ለእትዬ በለጥሻቸው ልጃቸው አነበበላቸው፣
በር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ክንድ ርቆ።
«ሕግ ነው?» አሉ።
«ሕግ ነው።»
በሩን ተዉላት። ቧንቧውን ግን ቆለፉት፤
ስለ ቧንቧ የተጻፈ አልነበረም።

ደግሞ አልዋሽም፦
በዚያው ደንብ፣ በዚያው ቀይ ቀለም ባጠራሁት ሌላ አንቀጽ፣
ሊስትሮው አብነት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር
አንድ ሳምቡሳ ሲካፈል ተይዞ ጣቢያ አደረ፤
ከሠላሳ ሰው ጋር፣ በአንድ ክፍል፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ።
የፊደል ስሕተት አልነበረበትም ያ አንቀጽ።

ዓመታት አልፈው ሌላ ወረቀት መጣ፣ ለእርማት፣
መንግሥታት ለመጪው ወረርሽኝ የሚመክሩበት ረቂቅ፦
«አገሮች ክትባቱን በፍትሕ ለመካፈል፣
እንደ አግባቡ፣ በሚቻላቸው መጠን፣ ይጥራሉ።»
ይጥራሉ።
ጋሽ ድንበሩ ወረፋ እየጠበቁ ነው ያለፉት፣
መድኃኒቱ ባሕር ማዶ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ቀኑ ሲያልፍበት።
የስንቱን ለቅሶ ድንኳን እንዳላስተከሉ፣
ድንኳን ሳይጣልላቸው ተቀበሩ።

ጭረት ፈለግሁ። ከ«ይ» እስከ «ሉ» በጣቴ ሄድኩ።
የምፍቀው የለም፤ ፊደሉ ሁሉ ልክ ነው።
ማሰሪያው ነው የማያስር።
ከኅዳጉ «ይህ ግስ ላልቷል» ብዬ ጻፍኩ፣ በቀይ።
አለቃዬ ሳቀ፦ «አራሚ ነህ እንጂ ዲፕሎማት አይደለህም።»
ሰረዘው።

ዛሬ ማታ፣ ከሐውልቱ ሥር ታክሲ ስጠብቅ
ትርሲትን አገኘኋት፣ ለሌሊት ፈረቃ ስትገሰግስ።
«ፒያሳ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ፣ አሥራ ስምንት ጭኖ።
ቦርሳዋን ከፍታ ዝርዝር ስትፈልግ ያቺ ገጽ ወጣች፣
አራት ጊዜ የታጠፈች፣ ደንቡ ካበቃ ስንት ዘመኑ።
«ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።
«አከራይ በቀየርኩ ቁጥር አሳያለሁ» አለች፣
«ቀኑን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ።»

ማጠፊያዋ ላይ ተልጣለች፣ መሐል ለመሐል።
ዳ ግን ቆማለች፣
በአንድ እግሯ።