አስተናግር

የነሐሴ ማታ፣ መብራት እንደጠፋ፣
ከአዌቱ ማዶ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ሻሼን ጣል አድርጌ ጓሮ ወረድኩና
ጎመኑን በጣቴ ዳበስኩት እንደገና፤
ከመደቡ ዳር ላይ ራሱን ችሎ የወጣ
ለስላሳ ቅጠልም አብሮ እጄ መጣ።
አሉማ ነው አልኩኝ። በክረምት፣ በችግር፣
ያልተዘራ ቅጠል ቤት ያሳድር ነበር።
ጠረኑ ከበደኝ፤ "ዝናቡ ነው" ብዬ አለፍኩ።
ኩራዜን ለኩሼ አጥቤ ከተፍኩ።

የቢላ ነገር ነው፣ ሁሉን አንድ ሲያደርግ፤
መክተፊያ ላይ ማን ነው ስም የሚፈልግ?
ቃሪያ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጣት የማይሞላ ቅቤ፤
"ስቀምስ ጠገብኩ እኔ" አልኩ፤ ዋሸሁ ከነረሃቤ።
ድስቱን አይቼው ነው። ለሦስት እንጂ ለአራት
አይበቃም ነበረ የዚያን ዕለቱ እራት።

ተማም በላ። ሙዘይን በላ። ረውዳ በላች፤
ጣቷን እየላሰች "ጨምሪልኝ" አለች።
ጨመርኩላት።

ሰዓት ሳይሞላ ነው ጉዱ የመጣው።
ሙዘይን "ውሃ" አለኝ፣ ምላሱ እንደ ቆዳ፤
ረውዳ ቢራቢሮ ለቀመች ከግድግዳ።
ቢራቢሮ የለም።
ተማም ብድግ አለ፤ አንድ እግሩን አስቀድሞ
ባዶው አየር ላይ ጣውላ አጋድሞ
መጋዝ ይጎትታል። ይገፋል፣ ይስባል፤
ከሌለ ሰጋቱራ ዓይኑን ይጠርጋል።
የናስር ባጃጅ ከቆጪ ሆስፒታል እስኪደርስ
ያን ጣውላ ሲቆርጥ ነው፤ አንዴም እጁ አልፈዘዝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በባትሪ ዓይናቸውን
አየ፤ ብርሃን የማይፈራ ብሌናቸውን።
"ምን በሉ?" "ጎመን ነው።" "ጎመን ብቻ?" አለኝ።
"የተረፈውን አምጪ፣ ከነሥሩ" ሲለኝ
በዚያው ባጃጅ ሄጄ በጨለማ ነቀልኩ፤
ቀሚሴ ጭቃ ለብሶ ቅጠል ታቅፌ መጣሁ።

ሐኪሙ ስልኩን ነካክቶ ረጅም ስም ሲያነብ፣
ዘበኛው ጋሽ ፊጣ ጠጋ ብሎ በአደብ
ቅጠሉን አሸተተ። ብዙም ሳይደናገር፣
"ልጄ፣ ይሄማ" አለኝ፣ "ይሄ አስተናግር።"

ስሙን ያወጣው ሰው ስንት ሌሊት አደረ
ከሚያናግረው ጋር? ስንት ጉድ ቆጠረ?

ሌሊቱን አወራ። ያ ቃል የሚቆጥብ፣
"እህ" ብሎ የሚውል፣ "እህ" ብሎ የሚያስብ፣
ያ ዝምተኛው ተማም
ከሞተ አባቱ ጋር ስለ በርጩማ ይሟገታል፦
"አንድ ግንድ፣ ሦስት እግር፤ ሚስማር ምን ያደርጋል?"
ይስቃል። ሲስቅ አይቼው አላውቅም እንዲያ።
ከዚያ ድምፁ ወርዶ፣
"መጋዙን ሸጥኩት" አለ።
"ሐምሌ ሲገባ ነው፤ ለኪራይ ተከፈለ።
ዙልፋ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ፤
አዌቱ ድልድይ ላይ ውሃ አይቼ እውላለሁ።
አደራ፣ አትንገሯት" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣
እጄን ጥብቅ አድርጎ፣ እኔን ከእኔ እየለየ።

ሦስት ቀን ፈጀብን። ጠበበ ብሌኑ የሙዘይን፤
የረውዳ ቢራቢሮም ተወ ግድግዳውን።
ተማም ነቃ። "ምን ሆኜ ነው?" አለ።
"ጎመኑ ነው" አልኩት።
"ሌላስ? የተናገርኩት?"
"ምንም።" ሁለተኛ ዋሸሁት።

ጓሮውን በፀሐይ፣ በቀትር አረምኩት፤
እያንዳንዱን ቅጠል በአፍንጫዬ ጠየቅኩት።
አንዱ ግን ከአጥሩ ሥር፣ ነጭ አበባ ከፍቶ፣
ያ መለከት አፉን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል።
ነቀልኩት። እጄ ላይ ጥቂት ሳላቆየው አልቀረሁም።

ሰኞ ጠዋት ተማም ኮቱን ደረበና
ከደጁ ቆም አለ፣ እጁን አየና።
ምሳውን ቋጠርኩለት፤ ዳቦ ነው፣ ጎመን አይደለም።
"ሥራ ይቅናህ" አልኩት። "አሚን" አለ።
ወደ ድልድዩ በኩል ታጠፈ።

ያልበላሁት እኔ ነኝ።
ምላሴ ግን ደርቋል።